ጀረስ ያሰረችው አርጃኖ

ኅዳር 8 ቀን 2013፣ አሶሳ

ዛሬ እመቤት የምላት አርጃኖ ነከሰችኝ። አውራ ጣቴ ሥር ይዛ፣ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ እያወናጨፈች፣ ሥጋውን ቦጭቃ ወሰደች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ተማሪ ሁሉ ላይ "አርጃኖ ሲያዝ መጀመሪያ አንገት!" እያልኩ ስጮህ የኖርኩ ሴት ዛሬ በጅራት ጀመርኩ። ቡሴ ሊያዝንልኝ ሲገባ በሳቅ ፈረሰ። "ዶክተር፣ እሱ አንቺ ቀመሰ!" አለ። ቡሴ ከሸርቆሌ ወደ ዓባይ በሚወርደው ወንዝ ዳር የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው። መንገድ ይመራኛል፣ ወጥመድ ያነሳልኛል። "ቅርብ ነው" ካለ ግማሽ ቀን እንደምንሄድ አውቃለሁ። አርጃኖ አይወድም፤ ከእኔ ጋር የሚውለው ለአበሉና ስኳሬን ለመጨረስ ነው።

እጄ እየደማ ትራንስሚተሩን ወገቧ ላይ አሰርንላት። ሾፌራችን ዐወድ "ጀረስ" ይለዋል፤ በእነሱ ቤት ደወል ማለት ነው። አሁን ሁላችንም ጀረስ ነው የምንለው። መቀበያውን ከፍቶ አንቴናውን ወዲያ ወዲህ ማዞር ነው፤ አርጃኖዋ ወዳለችበት ሲዞር ድምፁ ይወፍራል። እመቤት ዘንድሮ ኩይሳ ቆፍራ እንቁላሏን እዚያ ቀብራለች፤ ምስጦቹ ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑላታል። የራሷን እንዲህ አስጠብቃ ስታበቃ አሸዋው ላይ ወርዳ የኤሊ እንቁላል እያወጣች ትበላለች። ዕድሜዬን የጨረስኩት ማን የማንን እንቁላል እንደበላ ስከታተል ነው። እናቴ ብትኖር "ለዚህ ነው የተማርሽው?" ትለኝ ነበር።

ወንድሜ የሚኖርበት ድባጤ ስልክ የለም። ቀናው ጋ ስደውል ያቺ ሴትዮ "ሊያገኟቸው አይችሉም" ትለኛለች። ቸልተኛ ነው፤ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል።

ኅዳር 12

ሕብረት ደወለ፤ የቀናው ጎረቤት። ዋጋዬ ሞታለች። የወንድሜ ሚስት። ሆዷ ገፍቶ ነበር።

ቀናው ተርፏል።

ኅዳር 13

ሕብረትን ደግሜ አስነገርኩት። ባልጠይቀው ይሻለኝ ነበር። ማሽላ እያጨዱ ሳለ መጡባቸው። በጥይት የጀመሩትን በገጀራ ጨረሱት። ዋጋዬ መሮጥ አልቻለችም። ቀናው ያልታጨደው ማሽላ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ነበር። አላየም፤ ሰምቷል። ሲጨርሱ ማሳው ላይ እሳት ለቀቁ። ከእሳቱ ሲወጣ ሄደዋል።

"እነማን ናቸው?" አልኩት።

"የታጠቁ ናቸው፣ እትዬ።"

"እሱማ ገባኝ። እነማን?"

እዚህ አሶሳም መልሱን ሁሉም ያውቃል፤ ችግሩ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያውቀው። እኔ በዚህ ደብተር የብሔር ስም አልጽፍም። አሁን አሁን ሲጻፍ እንደ ጥይት ይታየኛል። እኔና ቀናው አንድ ቋንቋ አለን፣ ቡሴ ሌላ፣ ዐወድ ሦስተኛ፤ የሚያገናኘን አማርኛ ነው። ይበቃል።

ዋጋዬን ሲቆራርጧት እኔ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ የኤሊ ጀርባ እለካ ነበር። ሻይም ጠጥቻለሁ። ቡሴ ስለ እግር ኳስ ሲያወራ ስቄያለሁ።

ታኅሣሥ 1

ቀናው መጣ። በአዲስ አበባ ዞሮ ነው የመጣው። ቅንድቡ የለም፤ እሳት በልቶታል። "እታለም" ብሎ ሲያቅፈኝ ጭስ ይሸታል፤ ታጥቦም ይሸታል። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው፤ ዛሬ ልጨብጠው ስል እጁን ለማስለቀቅ ሁለት ሰው ሊያስፈልገኝ ምንም አልቀረው።

ቆሞ ይበላል። ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። የዕቃ ክፍሉን ለቅቄለታለሁ፤ በአንቴናና በወጥመድ መሃል ፍራሽ ዘርግቷል።

ለቅሶ ደራሹ በዛ። ውኃ ልቀዳ ጓሮ ስወጣ አንዷ ለሌላዋ፣ "እሷ እኮ ዛሬም ከነሱው ሰው ጋር ነው የምትሠራው" ስትል ሰማሁ። ማሰሮዬን ሞልቼ ገባሁ። ምን ልበላት?

ታኅሣሥ 7

አየር ይቀይር ብዬ ወንዝ ወሰድኩት። እንኳን አየር ደሜም ተቀየረ።

ቡሴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ወንድም፣ እግዜር አንተ ያጥና" አለው፤ ከልቡ ነው ያለው። ቀናው አንገቱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ የቡሴ ስልክ ጮኸና ከሚስቱ ጋር በቋንቋቸው ማውራት ጀመረ። ቀናው ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ጣቶቹ ግን ነጩ እስኪወጣ ለሣር መጥረጊያ የያዘውን ገጀራ ጨብጠዋል።

ከዚያ አሸዋው ላይ አንድ አርጃኖ የኤሊ ጉድጓድ ሲቆፍር አየን። እንቁላሉ አፉ ላይ ፈስሷል። ልመዝግብ ብዕር ሳወጣ ቀናው ሮጠ። በመጀመሪያው ምት ወገቡን ቆረጠው። በሁለተኛው ራሱን። ከዚያ በኋላ ምን እየመታ እንደነበር አላውቅም፤ አሸዋውን ነው መሰለኝ። "ቀናው! ሞቷል! በቃ!" ብዬ ብጮህ አይሰማም። ዐወድ ነው ከኋላ የያዘው።

ናሙና ይሆነኛል ብዬ የተረፈውን በከረጢት ሰበሰብኩት። ምንም አይሆንም።

መኪና ውስጥ፣ "እንደዚያ ነበር የሚያወሩት" አለኝ። "የሰማሁት ያንን ቋንቋ ነው።"

"ያንን ቋንቋ የሚያወራ ሁሉ ገዳይ ነው?"

"እኔ ምን ወጣኝ?" አለ። ምንም አልወጣውም፤ እውነቱን ነው።

ታኅሣሥ 14

ተመስገን። ቀናው ዛሬ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ! አንቴናውን አንስቶ "ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?" አለ። ግቢ ውስጥ አንዱን ጀረስ ደብቄ አስፈለግሁት። ጭንቅላቱ ድሮም ፈጣን ነው፤ ሳልጨርስ ገባው።

"ድምፁ ሲወፍር ትንፋሽህን ዋጥ" አልኩት። "አትጣራ፣ አትሳል፣ ነፋሱ ከፊትህ ይሁን። ሰው ከሰማች ታመልጥሃለች።"

"ቀን ቀን የት ነው የሚሸሸጉት?"

"በየጉድጓዳቸው፣ በየገደሉ ሥር።"

"ከነልጆቻቸው?"

"አርጃኖ ልጅ አታሳድግም፣ አንተ ሞኝ" ብዬ ሳቅሁ። ሐዘን የሚያስረሳው ሥራ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ከዚህ ወዲህ ረዳቴ አደርገዋለሁ።

ታኅሣሥ 21

መናኸሪያ። ሰው ደበደቡ። ስልክ ሲያወራ በቋንቋው ሰምተውት ነው ይላሉ። ድንጋይ፣ ዱላ፣ የጎማ መንቀያ። ፊቱ ፊት አልመሰለም። ልጠጋ ስል ዐወድ ክንዴን ጎትቶ፣ "ዶክተር፣ አንተ መኪና ግባ! አሁን ግባ!" አለኝ። ገባሁ። በሩን ቆለፍኩ። ያን ሁሉ ሰው እያየሁ መስታወት ከፍ አደረግሁ።

ከሚደበድቡት መሃል ቡናማ ጃኬት አይቻለሁ። ቡናማ ጃኬት ያለው ሰው ብዙ ነው።

ቤት ስገባ ቀናው ጃኬቱን ያጥባል። "ቆሽሾብኝ" አለ። እኔ ሳጥብለት ነው የኖርኩት፤ በራሱ ማጠቡ ለውጥ ነው።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቡሴ "እንኳን አደረሰህ" ሊለኝ ደውሎ መርዶ ነገረኝ። እመቤት ተገድላለች። አንድ ሰው በጦር ወግቷት ጅራቷን ቆርጦ ሄዷል፤ ቀሪውን ዝንብ ወርሮታል። "ጀረስ አለ። እኔ ወሰደ" አለኝ።

ለአርጃኖ አይለቀስም። እኔ አለቀስኩ። ለዋጋዬ ያላለቀስኩት ነው መሰለኝ የመጣው።

"ጀረሱን አንገትህ ላይ እሰረው" አልኩት። ኪሱ ውስጥ ያለ ነገር እንደማይበረክት አውቃለሁ፤ ሌላ ለማስገባት ደግሞ ስንት ወር ጉምሩክ ደጅ የምጠናው እኔ ነኝ። "እስክመጣ ስትተኛም እንዳታወልቀው።"

ምሳ ላይ ለቀናው እያጫወትኩት፣ "ቡሴ አሁን እንደ እመቤት ጀረስ አስሯል፤ አበል ወስዶ ቢጠፋ እንኳ በአንቴና አድነዋለሁ" አልኩት። ሳቀ! ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጥርሱን ረስቼው ነበር። ደስ ብሎኝ የዶሮውን ፈረሰኛ ሰጠሁት።

ጥር 3

የቡሴ መንደር ተቃጠለ። ዐወድ ጠዋት በዚያ አልፎ ደርሶ መጣ። "ቤት የለም። ሰው የለም። ድመት ብቻ አለ፣ እሱም ጸጉሩ የለም" አለኝ። ሁለት ሬሳ አይቷል፤ ሽማግሌዎች ናቸው። ቡሴን አላየም፤ ሚስቱንና ልጆቹንም አላየም። ስልኩ ዝግ ነው። እነማን አቃጠሉት ስለው፣ "የታጠቁ" አለኝ። ከሕብረት ጋር የተማከሩ ይመስላሉ።

ለቀናው ስነግረው፣ "ሞተ?" አለ።

"ገደል ሥር ገብተው ይሆናል። እዚያ አካባቢ ዋሻ ሞልቷል።"

"ጀረሱስ?"

ግንባሬን መታሁ። እንዴት ሳላስበው! ቡሴን በአንቴና ላገኘው እችላለሁ እኮ። ዱቄት፣ ዘይት፣ የልጆች መድኃኒት እንይዛለን። "አብረን እንፈልገው" አልኩት። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

"እሺ፣ እታለም" አለ። ግንባሩን ሳምኩት። እሱ በሐዘኑ ላይ ሆኖ ለሌላው ሲያዝን አየሁ ብዬ ነው የሳምኩት።

ጥር 6

ዕቃ ሸከፍኩ። የአንቴናው ከረጢት ከበደኝ፤ ንክሻው ስላልሻረልኝ ይሆናል። ቀናው ከእጄ ወስዶ "እኔ እይዘዋለሁ፣ አትክፈቺው፣ አስተካክዬ አጥፌዋለሁ" አለኝ። ዛሬ መንገድ ዝግ ነው ተብሎ ለነገ አደረግነው። ቀኑን ሙሉ በእመቤት ጀረስ ሞገድ ላይ መቀበያውን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ከዚህ እንደማይሰማ ስንት ጊዜ ነገርኩት።

ዐወድ ዱቄቱን ሲጭን ጠጋ ብሎ፣ "ዶክተር፣ ወንድምህ አይኑ ጥሩ አይደለም" አለኝ።

"ሾፌር ነህ ወይስ ጠንቋይ?" አልኩት። ዱቄቱን ጭኖ ሄደ። አስቀይሜዋለሁ።

ጥር 7፣ ጠዋት

ቀናው የለም። ከረጢቱ የለም። አዲሱ መቀበያ የለም። የጎረቤት ሞተር ሳይክል የለም።

ዱቄቱ አለ። አልወሰደም።

ከፍራሹ ሥር ዘይት የነካ ጨርቅና አንድ ጥይት። የከረጢቱ ክብደት

ዐወድ መጣ። አሮጌው መቀበያ ይሠራል።

ጥር 15፣ ሆስፒታል

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ትከሻዬ ላይ የቀረው አጥንት ስንት እንደሆነ ሐኪሙም አልነገረኝም።

ቀናውን ያላስተማርኩት አንድ ነገር ነበር። የጀረስ ሞገድ ገደል ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ጀማሪ ሁሉ ወደ ነጠረበት ነው የሚሄደው፤ እኔም በወጣትነቴ አንዷን ኤሊ ሁለት ቀን በተሳሳተ ዳር ፈልጌያታለሁ። ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ወደ ምዕራቡ ኮረብታ እንደወጣ ኮቴው ያሳያል። እኔና ዐወድ ወደ ገደሉ ወረድን።

ቡሴ መጀመሪያ ጦር ይዞ ነው የወጣው። ሲያየኝ ጥሎት፣ "ዶክተር! ስኳር አመጣ?" ብሎ ሳቀ። ከኋላው ሚስቱና ልጆቹ ነበሩ፤ ትንሿ እግሯ ተቃጥሎ ቅጠል ለጥፈውበታል። ሄጄ የአንገቱን ክር በጠስኩት።

"ወንድሜ ሊገድልህ እየመጣ ነው" አልኩት።

እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ የለም። ቡሴ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሚስቱ ቀድማው ገባት። ልጆቹን አንስታ ቆመች።

ጀረሱን በድንጋይ ብሰብረው ቀናው ድምፁ ወደጠፋበት ይመጣል፤ ልጅ ታቅፎ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ጀረሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄድ ነበረበት። ዐወድን፣ "መኪናው ድረስ ወስደህ ሸርቆሌ አድርሳቸው፤ እኔ ወደ ላይ ይዤው እሄዳለሁ" አልኩት።

"አንተ እብድ ነህ!"

"አዎ። ሂድ!"

በወንዙ ዳር ሽቅብ ሄድኩ። ሣሩ ከእኔ ይረዝማል። ሲደክመኝ ከአንድ ኩይሳ ጀርባ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ሲቀርብ "ቀናው" ብዬ እጠራዋለሁ፤ ያየኛል፣ ያፍራል፣ አብረን እናለቅሳለን። ዶክተር የተባልኩት በዚህ ጭንቅላት ነው።

እንዳስተማርኩት መጣ። አልተጣራም፣ አልሳለም፣ ነፋሱ ከፊቱ ነው። መጀመሪያ ያየሁት አፈሙዙን ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ወንድሜን ፈራሁት። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ እንደ አውሬ ፈራሁት። ሣሩ ላይ ተኮሰ። ትከሻዬ የተነቀለ መሰለኝ። ከዚያ ገጀራውን ይዞ ሊጨርስ መጣ፤ ጸጉሬን ጨብጦ አንገቴን ወደ ኋላ ጎተተ፤ ስለቱ ሲቀዘቅዘኝ ይሰማኛል። ፊቴን ያየው ያኔ ነው።

ያን ጩኸት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። እስከ አስፋልቱ ተሸክሞ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ "እታለም፣ እታለም" ይል ነበር።

እዚህ ሲደርስ ያልታወቁ ታጣቂዎች ተኩሰውብን ነው አለ። ፖሊስ ሲጠይቀኝ "አላየሁም" አልኩ። ሁለቴ ጠየቁኝ፤ ሁለቴም አላየሁም።

ጥር 17

ቀናው ከአልጋዬ አይለይም። ሾርባ ያጠጣኛል፣ ፋሻዬን ያስቀይራል፣ ሽንት ቤት ደግፎ ይወስደኛል። ነርሷ ለጓደኛዋ፣ "እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል? የታደለች" ስትል ሰማሁ።

ዐወድ ትናንት መጥቶ በጆሮዬ ነገረኝ፤ እነ ቡሴ ደርሰዋል፣ ከሰው ጋር ተጠግተዋል። ልጅቷን ክሊኒክ አይተውላታል።

ዛሬ ቀናው እግሬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። "ይቅር በይኝ፣ እኔ እንጦሮጦስ ልውረድ" አለ። በግራ እጄ ራሱን ዳበስኩት። ይቅር አልኩት፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ስለ ዋጋዬም አለቀስን፣ በደንብ አለቀስን። አለቀ፣ ወጣለት፣ ዳነልኝ አልኩ።

ከዚያ ፊቱን ጠርጎ ማንኪያውን አነሳ። ሾርባውን እፍ እያለ፣ "እታለም፣ ዐወድ ወዴት ነው የወሰዳቸው?" አለኝ።

ዋጥኩ። "ሱዳን ገብተዋል።"

ዓይኔን አየኝ። ሁለተኛውን ማንኪያ አቀረበ። "መዋሸት አታውቂበትም። ሸርቆሌ ናቸው፤ ሰው አጠያይቄያለሁ።"

"ቀናው፣ ቡሴ ምን አደረገህ?"

"ዋጋዬስ ምን አደረገቻቸው?" አለ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። አፌን ጠረገልኝ፣ ትራሴን አስተካከለልኝ። "ነገ ጠዋት አልመጣም። ከሰዓት እመጣለሁ። ሾርባሽን ጠጪ።"

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲባል እሰማ ነበር። ወስዶኝ ኖሯል። የአርጃኖ ኮቴ ከጭቃ ላይ የማነብ ሰው የወንድሜን ፊት ሳላነብ ወር ተኩል ሆነኝ። ወይስ አንብቤዋለሁ?

ብናገር ወንድሜን ገደልኩት። ዝም ብል ቡሴን፣ ያቺን እግሯ የተቃጠለ ልጅ። እናቴ ስትሞት አደራ ያለችኝ እሱን ነው። ቡሴን አደራ ያለኝ የለም።

ጥር 18

ሳይነጋ ነርሷን ቀስቅሼ ፖሊስ አስጠራሁ። የመጣው ያው ሁለቴ የጠየቀኝ ነው፤ አገጩ ላይ ገና ጢም ያላበቀለ።

"ትዝ አለሽ?" አለኝ።

"ድሮም አልረሳሁም። አይቼዋለሁ።"

"ስሙን ታውቂዋለሽ?"

"ቀናው።"

"የአባት ስም?"

"ኪዳነወልድ።"

እየጻፈ ሳለ እጁ ቆመ። ከራስጌዬ የተንጠለጠለውን ካርድ ቀና ብሎ አየ፤ ሳምሪ ኪዳነወልድ ይላል። ብዙ አልጠየቀኝም። ብዙ ነገርኩት፦ መሣሪያውን፣ ሞተር ሳይክሉን፣ የሸርቆሌን መንገድ፣ አሁን የት ሊደርስ እንደሚችል። ቶሎ ቶሎ ተናገርኩ፤ ብቆም የምቀጥል አልመሰለኝም።

በር ላይ ሲደርስ ዞረ። ለምን እኔን እንደጠየቀኝ አላውቅም፤ ልጅ ስለሆነ ይሆናል።

"እጁን ባይሰጥስ?" አለኝ።

"አይሰጥም" አልኩት።

ሬዲዮውን ከወገቡ አውጥቶ እየተናገረ ሄደ።